ማንጎ፣ ወተትና አንድ እንጨት

ቤት ውስጥ የሚሠራ ባለእንጨት አይስክሬም አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በአንድ ነገር ነው፤ ውሃ ይበዛበታል። ጭማቂ ቤት እንደለመድነው ማንጎውን በውሃ እናቀጥናለን፣ ወተት እናፈስበታለን፣ ስኳሩን ለሻይ በሚሆን መጠን እንጨምርና ፍሪዘር ውስጥ እንከተዋለን። በማግስቱ የሚወጣው ጥርስ የሚያደነዝዝ ደረቅ ነገር ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመጠጥ ጣዕሙ ያልቅና ነጭ በረዶ እንጨቱ ላይ ይቀራል። ልጆች ቅር ሳይላቸው ይበሉታል፤ እነሱማ ባዶውን በረዶም ይቆረጥማሉ። ለእንግዳ ለማቅረብ ግን ያሳፍራል።

ወተት ራሱ ከመቶ 87 እጁ ውሃ ነው። ማንጎም ከመቶ ከ80 እጅ በላይ ውሃ ነው። ከዚህ በታች የሚነበበው ሥራ ሁሉ፣ ወተቱን ማጉደሉም፣ ስኳሩም፣ ስታርቹም፣ ያንን ውሃ ለመቀነስ ወይም በትልልቅ ፍንካች እንዳይረጋ ለመያዝ የሚደረግ ነው። ይህን ካወቁ ልኬቱን ቤትዎ ባለው ነገር ማስተካከል አያቅትዎትም።

ዕቃና እንጨት

ገበያ ላይ የሚሸጠው ባለክዳን የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫ ካለዎት መልካም። ከሌለዎት ትንንሽ የእርጎ ዕቃዎች ወይም ተጠቅመን የምንጥላቸው የፕላስቲክ ኩባያዎች ይበቃሉ። አፉ ሰፋ፣ መቀመጫው ጠበብ ያለውን ይምረጡ፤ ሆዱ ከአፉ የሰፋ ዕቃ አይስክሬሙን አይለቅም። ስስ የብረት ኩባያ ከፕላስቲክ ይልቅ ቶሎ ያረጋል። የመስታወት ብርጭቆ ግን ይተዉት። ውሃ በረዶ ሲሆን ከመቶ ዘጠኝ እጅ ገደማ ስለሚያብጥ ብርጭቆውን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የብርጭቆ ስባሪ ደግሞ በረዶ መሃል አይለይም።

የአይስክሬም እንጨት በእሽግ ይሸጣል። ለልጆች የእጅ ሥራ ተብሎ ቀለም የተቀባውን አይግዙ። ብሌንደር ካለ ሥራው ይፈጥናል፤ ከሌለም የበሰለ ማንጎ ወይም ሙዝ በሹካ ተድጦ በወንፊት ቢያልፍ ያው ነው።

ሥራውን በሚጀምሩበት ዋዜማ ፍሪዘሩን ይመልከቱ። የታችኛው ወይም የኋለኛው ግድግዳ ላይ ዕቃዎቹ በቀጥታ የሚቀመጡበት ደልዳላ ቦታ ያስለቅቁ፣ የማቀዝቀዣውን ቁጥር ወደ ከፍተኛው ያዙሩ። ደህና የሚሠራ ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይደርሳል። በባለአንድ በር ፍሪጅ ውስጥ ያለችው ትንሽ የበረዶ ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ስለማትደርስ ሌሊቱን ሙሉ ይስጧት፣ በአንድ ጊዜም ከስድስት በላይ አያጭቁባት።

ወተቱ

ከ10 እስከ 12 አይስክሬም የሚያወጣው ልክ ይህ ነው፦ ግማሽ ሊትር ወተት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ወተት፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ በሁለት ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ ሁለት ትልልቅ የበሰሉ ማንጎዎች (ተልጠው ፍሬያቸው ከወጣ በኋላ 400 ግራም ያህል) እና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ማንኪያው ከአፉ እኩል ይሁን እንጂ አይቆለል።

በላስቲክ የታሸገው የግማሽ ሊትር ወተት ለዚህ ልክ ነው። ከሰፈር ላም የሚመጣ ጥሬ ወተት ካገኙ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል፣ በተለይ የሐበሻ ላም ከሆነ፤ ቅባቱ ከፈረንጅ ላም ወተት ከፍ ይላል፣ ቅባት ደግሞ አይስክሬምን ያለሰልሳል። ነገር ግን ጥሬውን ወተት ሳያፈሉ ወደ ፍሪዘር ማስገባት አይታሰብ። ብዙ ሰው ብርዱ ጀርሙን የሚገድለው ይመስለዋል። ብርድ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ፣ አይስክሬሙን ቀድሞ የሚበላው ደግሞ በቤቱ ትንሹ ልጅ ነው።

ከወተቱ ሩብ ብርጭቆ ያህል ቀዝቃዛውን ለብቻ ያስቀሩና ስታርቹን በእሱ ይበጥብጡ። የዱቄት ወተቱን ከስኳሩ ጋር በደረቁ ያዋህዱ፤ እንዲህ ሲሆን አይቋጠርም። የቀረውን ወተት ሰፋ ባለ ድስት ይጣዱ፤ ድስቱ ሲሰፋ ወተቱ ቶሎ ይጎድላል፣ ገንፍሎም አይፈስም። ሞቅ ሲል የስኳሩን ድብልቅና ጨውን ይነስንሱበት። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰው ከሥር እንዳይዝ እያማሰሉ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ያቆዩት። ከነበረበት አንድ አምስተኛው ሲጎድል ይበቃል።

ህንዶች ኩልፊ የሚሉትን አይስክሬማቸውን የሚሠሩት ወተቱን ለረጅም ሰዓት እያማሰሉ፣ ወፍሮና ቀለሙ ተለውጦ እስኪመጣ ድረስ አጉድለው ነው። ጊዜውና እሳቱ ካለዎት ይሞክሩት፤ ከስታርቹም ከዱቄት ወተቱም ያድንዎታል። ለአዘቦት ቀን ግን የዱቄት ወተቱ ያንን ሁሉ ልፋት ያሳጥራል። ውሃ ሳይጨምር ወተቱን ያወፍረዋልና።

አሁን የተበጠበጠውን ስታርች እንደገና አማስለው በቀጭኑ እያፈሰሱ ያስገቡ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ስታርቹ ጥሬ ጥሬ እንዳይል ከተንተከተከ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሡት። የማንኪያውን ጀርባ ሲሸፍን ያውጡት። ሄል የሚወዱ ከሆነ ሁለት ፍሬ ወቅጠው የሚጨምሩበት ሰዓት ይኸው ነው። ለማንጎ የሚስማማው ቅመም እሱ ነው፤ ቫኒላ ማንጎ ላይ የራሱን ጣዕም ብቻ ያወራል።

ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው ስልባቦት እንዳይዝ አልፎ አልፎ ያማስሉ፣ ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ከተው በደንብ ያቀዝቅዙት። ይህን ደረጃ መዝለል ያጓጓል፣ አይዝለሉት። ለብ ያለ ድብልቅ ፍሪዘር ውስጥ ሲገባ የሚረጋው በዝግታ ነው፣ በዝግታ የሚረጋ ውሃ ደግሞ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል። ምላስ ላይ የሚያሻክረው እሱ ነው።

ማንጎው

ማንጎ ገበያውን የሚሞላው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ከፊሉ ከበዓለ ሃምሳ ጋር ስለሚገጥምና ያኔ ረቡዕና ዓርብም ወተት ስለማይከለከል ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። አፕል የሚባለው ማንጎ ጭረት ስለሌለው ይመረጣል። የአሶሳው ዓይነት የአገር ማንጎ ግን መዓዛው ይበልጣል፤ ጭረቱን ወንፊት ያስቀረዋል። እንዲያውም ርካሹንና ጭረታሙን ማንጎ ከሙሉ ልብ የምመክረው ለዚህ ነው፤ አፕል ማንጎ እንደወረደ ተቆርጦ ቢበላ ያምርበታል። ሲጫኑት እሺ የሚልና ከእንብርቱ በኩል የሚሸት ይሁን። ጠጣሩን ማንጎ ስኳር አያድነውም።

ልጠው ፍሬውን ከዘሩ ይለዩ፣ የሎሚውን ጭማቂ ጨምረው ጠብታ ውሃ ሳያስገቡ ይፍጩት። ብሌንደሩ አልዞርም ካለ በውሃ ፈንታ ከቀዘቀዘው ወተት ሁለት ማንኪያ ይስጡት። በወንፊት ያሳልፉና ከወተቱ ጋር ያዋህዱ። ሎሚው ወተቱን አይብ ያደርገዋል ብለው አይስጉ፤ ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑና ስታርቹ ካለበት አንድ ግማሽ ሎሚ አይጎዳውም።

አሁን ይቅመሱ። ለመጠጥ ቢሆን «ትንሽ ጣፈጠ» የሚያሰኝ ሊሆን ይገባል። ምላስ በብርድ ጊዜ ጣፋጭነትን በሚገባ አይለይም፤ ሲቀመስ ልክ የሆነው ሲረጋ ጣዕሙ የጠፋ ሆኖ ይገኛል። ስኳሩ ሌላም ሥራ አለው። በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ውሃው ሁሉ ጠንክሮ እንዳይረጋ ይይዘዋል፤ ጥርስ የሚገባለት ለስላሳነት የሚመጣው ከዚያ ነው። «ለጤና» ብለው ስኳሩን በግማሽ ከቀነሱ የሚያገኙት በረዶ ነው። በእጥፍ ከጨመሩ ደግሞ አድሮም አይጨብጥም፣ ከእንጨቱ እየተንሸራተተ እጅ ላይ ይቀራል። ከስኳሩ ሲሶውን በማር መተካት ይቻላል፣ አይስክሬሙም ይበልጥ ይለሰልሳል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በምንም መልኩ አይሰጥም፣ በአይስክሬም ውስጥም ቢሆን።

ማፍሰስና ማርጋት

ድብልቁን ወደ ዕቃዎቹ ይቅዱ፣ ከአፉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያጉድሉ፤ ሲረጋ ያብጣልና። የታመቀው አየር እንዲወጣ እያንዳንዱን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ያድርጉት።

እንጨቱን ለማቆም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የዕቃውን አፍ በፎይል ሸፍኖ መሃሉን በቢላዋ ጫፍ መሰንጠቅና እንጨቱን በስንጥቁ ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው ከአንድ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ድብልቁ ሲያጥር ጠብቆ መትከል ነው። ፎይሉ ሽታም ስለሚከለክል እኔ እሱን አደርጋለሁ። እንጨቱ ከቁመቱ ሲሶው ያህል ውጭ ይቅር፤ ከዚያ ካነሰ ልጅ አይዘውም። አሜሪካ ውስጥ የባለእንጨት በረዶ ጅማሬ ተብሎ የሚነገረው ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ውጭ ነው። ፍራንክ ኤፐርሰን የተባለ የ11 ዓመት ልጅ በ1905 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ጣፋጭ መጠጥ የሚያማስልበትን እንጨት ከነብርጭቆው ውጭ ረስቶት አደረ፣ ሌሊቱ ብርድ ስለነበር ጠዋት ረግቶ አገኘው ይባላል። ፓተንቱን ያገኘው አድጎ በ1924 ነው።

ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያቆዩት። በየሰዓቱ በሩን ከፍቶ መንካት ብርዱን ማስወጣት ነው። ማታ አስገብቶ መተኛት ይሻላል።

ለማውጣት ዕቃውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይንከሩ፣ እንጨቱን ወደ ግራና ቀኝ ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። እምቢ ካለ እንደገና ይንከሩት እንጂ አይታገሉት፤ እንጨቱ ብቻውን ይወጣል። የፈላ ውሃ ግን ዙሪያውን አቅልጦ መልኩን ያጠፋዋል። ወዲያው የማይበላውን አንድ በአንድ በላስቲክ ጠቅልለው ይመልሱ። በአብዛኛው ቤት ፍሪዘር ውስጥ ሥጋ፣ ቁሌትና በርበሬ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ የወተት ቅባት ደግሞ ሽታ ስለሚስብ፣ ሳይሸፈን ሳምንት የቆየ አይስክሬም ቁሌት ቁሌት ይላል። ተሸፍኖም ቢሆን ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጣዕሙ ይደክማል።

ሌሎቹ ፍራፍሬዎች

በዚያው የወተት መሠረት ላይ ብዙ ፍሬ ይሄዳል፣ ሁሉም ግን አይሄድም።

ለጀማሪ ሙዝን የሚያህል የለም። ቆዳው ጠቁሮ ማንም የማይበላው የአርባ ምንጭ ሙዝ እዚህ ላይ ዋጋ ያገኛል፤ ሲጠቁር ስኳሩ ጨምሯልና። አራት ሙዝ፣ አንድ ብርጭቆ የፈላና የቀዘቀዘ ወተት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤና ሁለት ማንኪያ ስኳር አብረው ይፈጩና በቀጥታ ይቀዳሉ። ስታርች የለ፣ ማጉደል የለ።

አቮካዶ የራሱ ቅባት ስላለው ወተት ብዙ አይፈልግም። ለሁለት አቮካዶ አንድ ተኩል ብርጭቆ ወተት፣ አምስት ማንኪያ ስኳርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ይበቃል። እሳት ላይ ግን አይውጣ፤ አቮካዶ ሲሞቅ ይመራል።

አናናስ ወጥመድ ነው። ጥሬው አናናስ ብሮሜሊን የሚባል ፕሮቲን የሚሰብር ኢንዛይም አለው፣ ከወተት ጋር ትንሽ እንደቆየ ድብልቁ ይመራል፣ ይበታተናልም። ፍሬውን ከትፈው ከስኳር ጋር ለአምስት ደቂቃ ያህል ካፈሉት ኢንዛይሙ ይሞታል፤ አቀዝቅዘው ያለ ስጋት መቀላቀል ይችላሉ። ፓፓያም የዚሁ ወገን ነው፣ በተለይ ሳይበስል። የበሰለው ይሻላል፣ ሆኖም ፓፓያ ሲፈላ መዓዛው ስለሚከፋ ከወተት ጋር ባላጋባው እመርጣለሁ።

እንጆሪ ጎምዛዛና ውሃማ ነው። ግማሽ ኪሎውን ከአምስት ማንኪያ ስኳር ጋር አሥር ደቂቃ ያህል አብስለው ውሃውን ያስጨርሱት፣ ከዚያ በወተት ፈንታ በእርጎ ይሥሩት። እርጎውን ቀድመው በንጹሕ ጨርቅ አንድ ሰዓት ያህል ሰቅለው አጓቱን ያንጠፍጥፉ። የቀረው ወፍራም እርጎ ከእንጆሪ ጋር ሲረጋ ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ በጣዕም የሚበልጠው እሱ ነው። ብርቱካንም ከወተት ይልቅ እርጎን ይወዳል።

ዘይቱን ከነቆዳው ተቀቅሎ ፍሬ ፍሬው በወንፊት መቅረት አለበት። ክረምት ላይ የሚመጣው በለስም እንዲሁ ተድጦ ይጠለላል፣ ግን ጭማቂው ቀጭን ነውና በግማሽ እስኪጎድል ድረስ ያፍሉት። ሐብሐብን ከወተት ጋር አይድከሙበት።

ስፕሪስ

ጭማቂ ቤት የምናዘው ስፕሪስ፣ ተደራርቦ የሚቀዳው የፓፓያ፣ የማንጎና የአቮካዶ ጭማቂ፣ በእንጨት ላይ ከብርጭቆው ይልቅ ያምራል። ከሥር የሚቀዳው ሲገለበጥ ጫፍ ስለሚሆን መጀመሪያ ፓፓያውን ያስገቡ፤ ወተት ሳይነካው፣ ከሎሚና ከሦስት ማንኪያ ስኳር ጋር የተፈጨ። ላዩ በጣት ሲነካ እስኪይዝ፣ 45 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት፣ ያርጉት። ቀጥሎ የማንጎና የወተቱ ድብልቅ ይገባል፤ እንጨቱም የሚተከለው ማንጎው ማጠር ሲጀምር ነው። የመጨረሻው አቮካዶ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ሳይጠብቁ በማንኪያ እየጫኑ ይሙሉት። ታችኛው ጨርሶ ጠጥሮ ከደረቀ ሽፋኖቹ አይያያዙም፣ ሲነከስም ቁራጩ ጭን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ መሃል ላይ ቡና ካፈሉ ሰዓቱን አይርሱ። ቪምቶ ጠብ የሚያደርጉ ካሉ ሁለት የሻይ ማንኪያ በፓፓያውና በማንጎው መካከል ይፍቀዱላቸው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳሩ እዚያ ቦታ ላይ አያረጋውም።

ለጾም

ለጾም ወቅት የቆርቆሮ የኮኮናት ወተት በላም ወተቱ ልክ ይተካል፤ ቅባታም ስለሆነ ማጉደል አያስፈልገውም። ስኳሩንና ስታርቹን ግን እንደዚያው አብስለው ያስገቡ። እሱ ከተወደደብዎት የሙዙና የኦቾሎኒው ቅቤ አሠራር በወተቱ ፈንታ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ይሠራል፣ ልዩነቱም ብዙ አይደለም። ፍሬ ብቻ ከፈለጉ አንድ ብርጭቆ ስኳርን በአንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልተው ያቀዝቅዙ፣ ለሦስት ብርጭቆ የተፈጨ ማንጎ ግማሽ ብርጭቆ ከሽሮፑ እየጨመሩ ይቅመሱ።

መብራት ሲጠፋ

በሩን አይክፈቱ። ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ብርዱን ለረጅም ሰዓት ይይዛል፤ ባዶ ቦታ ካለ በውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች (አፋቸው ትንሽ ጎደል ብሎ) አስቀድመው ቢረጉበት ይረዱታል። መብራቱ ሲመጣ መሃሉ ገና በረዶ የሆነው አይስክሬም ተመልሶ ይረጋል፣ ትንሽ ግን ያሻክራል። ጨርሶ የቀለጠውን፣ ገና ከፍሪጅ እንደወጣ ወተት ቀዝቃዛ ከሆነ፣ በብርጭቆ ቀድተው ወዲያው ይጠጡት። ለብ ካለ ወተት ያለበትን ይድፉት፤ እንደገና ማርጋት ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።